ከመጠምጠም መማር ይቅደም፤ ከወለሉም ወረቀቱ

እንደሚታወቀው የፍራንክፈርት ነዋሪ አብዛኛው ተከራይ ነው፤ እዚህ ከተማ የከረመው ኢትዮጵያዊም እንደዚሁ። ጋሉስ ይሁን ግሪስሃይም፣ ሆክስት ይሁን ኖርድቬስትሽታት፣ ወገን በሚኖርባቸው ብዙ ቤቶች ውስጥ እግር የሚያርፈው ከፊተኛው ተከራይ በተረፈ ሞኬት ወይም ጠርዙ በተነሣ ፕላስቲክ ላይ ነው። ይህን ወለል በሚመለከት በወገን መካከል ሁለት ዓይነት ሰው ይታያል።

አንደኛው «ዛሬ ነገ አገሬ እገባለሁ፣ ለሰው ቤት ምን አደከመኝ» የሚለው ነው። ሻንጣው ከቁም ሣጥኑ ላይ አልወረደም። ዓመቱ ግን አልጠበቀውም፤ ልጆቹ በዚያው በቆሸሸ ሞኬት ላይ ድኸው፣ ቆመው፣ ትምህርት ጨርሰው ወጥተዋል። ሁለተኛው ደግሞ የቅናሽ ማስታወቂያ በፖስታ ሣጥኑ ውስጥ ያየ ዕለት ተነሥቶ ከባውማርክት ላሚኔት ጭኖ የሚመጣ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓደኞቹን ሰብስቦ ሲጋዝና ሲቀጠቅጥ የሚውል ነው። ይኼኛው ለጥቂት ዓመታት ባማረ ቤት ይኖራል፤ ቁልፍ በሚያስረክብበት ቀን ግን አከራዩ የመያዣ ገንዘቡን ይዞበት ይቀራል።

ሁለቱም የሚጎዱት በአንድ ምክንያት ነው። አንዱ ቤቱን ከነጭራሹ የኔ አይደለም ይላል፤ ሌላው ሙሉ በሙሉ የኔ ነው ብሎ ይነሣል። የጀርመን የኪራይ ሕግ የሚለው ግን ከሁለቱ መካከል ነው፤ ቤቱ የአከራዩ ሲሆን ኑሮው የተከራዩ ነው። ወለል ማንጠፍ የሚገባውም ይህን ልዩነት ካወቁና በወረቀት ካሰፈሩ በኋላ ነው።

በቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ «የትኛው ላሚኔት ይሻላል?» የሚለው ሳይሆን «ወለሉን መቀየር ያለበት ማን ነው?» የሚለው ነው። በጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 535 መሠረት ቤቱን ለመኖሪያ በሚመች ሁኔታ ጠብቆ የማቆየት ግዴታ የአከራዩ ነው። አንቀጽ 538 ደግሞ በተለመደ አኗኗር ለሚደርስ እርጅና ተከራዩ ተጠያቂ እንዳልሆነ ይደነግጋል። እንግዲህ ሞኬቱ ከቤቱ ጋር የተከራየ ከሆነና በዕድሜ ብዛት ካለቀ፣ በራስ ገንዘብ ከመቀየር በፊት አከራዩን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። ሳይጠይቁ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

አከራዩ ሊሠራው ግዴታ የሌለበት ከሆነ፣ ወይም ተከራዩ ራሱ የተሻለ ነገር ከፈለገ፣ ሌላው ምዕራፍ ይመጣል። ያለ ማጣበቂያ፣ ያለ ምስማር፣ ከነባሩ ወለል በላይ የሚነጠፍና ያለ ጉዳት ሊነሣ የሚችል ላሚኔት በአብዛኛው ተከራዩ ሊያደርገው ከሚችለው ነገር ይቆጠራል። አንቀጽ 546 ግን ቤቱ ሲመለስ ተከራዩ የጨመረው ነገር ሁሉ መነሣት እንዳለበት ያስገድዳል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር። በአንጻሩ አንቀጽ 539 ተከራዩ ያስገባውን ዕቃ ይዞ የመሄድ መብት ይሰጠዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በር ላይ ነው። ስምንት ሚሊ ሜትር ላሚኔትና ከሥሩ የሚገባው ምንጣፍ ሲደመሩ ወለሉ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በሩ መሬቱን መፋቅ ይጀምራል። ያን ጊዜ መጋዝ ያነሣና የበሩን እግር የቆረጠ ሰው የአከራዩን ንብረት አበላሽቷል፤ ላሚኔቱ ሲነሣ በሩ ተንጠልጥሎ ይቀራልና። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ከበሩ ሥር ያለው ክፍተት ይለካ፤ ካልበቃም የአከራዩ ፈቃድ ይጠየቅ።

የሚጻፈው ደብዳቤ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። ሦስት ነገር ከያዘ ይበቃል። አሁን ያለው ወለል ምን እንደሚመስል ከፎቶግራፍ ጋር፣ ላሚኔቱ ያለ ማጣበቂያ እንደሚነጠፍ፣ ተከራዩ ሲወጣም ይነሣ ወይም ይቅር የሚለው። መልሱ በጽሑፍ ይጠበቅ። ሃውስማይስተሩ ደረጃ ላይ ሲያልፍ «ችግር የለም» ያለው ፈቃድ አይደለም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

«ብጠይቅ ይከለክለኛል፣ ዝም ብል ይሻላል» የሚሉ ጥቂቶች አይደሉም። ይህ ስጋት ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ቀበሌ ተጠርቶ ያልተመለሰ ዘመድ ያለው፣ ማመልከቻ ይዞ በየቢሮው ደጅ የጠና ሰው፣ ለባለሥልጣን ስሙን አለመጻፍን እንደ ጥበብ ተምሮ ነው የመጣው። ነገር ግን ለአከራይ የሚጻፍ ደብዳቤ የምሕረት አቤቱታ አይደለም፤ አንዱ ተዋዋይ ለሌላው የሚሰጠው ማስታወቂያ ነው። ዝምታ የሚጠቅመው ደግሞ ገንዘቡ በእጁ ያለውን ነው። የመያዣው ገንዘብ በአንቀጽ 551 መሠረት እስከ ሦስት ወር ባዶ ኪራይ ሊደርስ ይችላል፤ ኪራዩ 900 ዩሮ ከሆነ 2700 ዩሮ ማለት ነው። አከራዩ ቤቱን ከተረከበ በኋላ ለጉዳት ካሣ የሚጠይቅበት ጊዜ በአንቀጽ 548 ስድስት ወር ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ያለው ሰው ይከራከራል፤ የሌለው ይለምናል።

አንድ ነገር ግን ከገንዘብ በላይ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በተሠሩ፣ በተለይም በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተገነቡ ቤቶች ውስጥ ከሞኬቱ ሥር ትንንሽ ጠንካራ የወለል ሰሌዳዎች ወይም ጥቁር ማጣበቂያ ሊገኙ ይችላሉ። እነዚህ አስቤስቶስ የያዙ ሊሆኑ ይችላሉ። አስቤስቶስ በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1993 የታገደው አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር ስለሚያስከትል ነው። እንዲህ ያለ ነገር የታየበት ቤት ወለሉ አይፋቅ፣ አይሰበር፣ አይበሳ፤ ለአከራዩ በጽሑፍ ይነገርና ይመርመር።

ወደ ምርጫው እንምጣ ከተባለ፣ ላሚኔት እንጨት ይምሰል እንጂ ፊቱ እንጨት አይደለም። ተጨምቆ በተሠራ የእንጨት ጭረት ላይ የእንጨት ሥዕል የታተመበት ወረቀት በጠንካራ ሙጫ ተሸፍኖበት የተሠራ ነው። የፈለሰፈው ፐርስቶርፕ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1977 ነው። ያለ ሙጫ እርስ በርሱ የሚቆለፈው ዓይነት የመጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ለተከራይ የሚበጀውም እሱ ነው፤ ተነቅሎ ሊሄድ ይችላልና። በማሸጊያው ላይ የሚታየው ቁጥር ጥንካሬውን ይናገራል። በ2 የሚጀምሩት 21፣ 22 እና 23 ለመኖሪያ ቤት፣ በ3 የሚጀምሩት 31፣ 32 እና 33 ለሥራ ቦታ ናቸው። እንግዳ የማይጠፋበት ሳሎን 23 ወይም 31 ይበቃዋል፤ ለመኝታ ቤት 33 መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

የላሚኔት ጠላቱ ውሃ ነው። እርጥብ ቄጠማ ጎዝጉዞ ቡና የሚያፈላ ቤት ይህን ልብ ይበል። ከቄጠማው የሚወርደው ውሃ በመጋጠሚያው ገብቶ ጣውላውን ያሳብጠዋል፤ ያበጠ ላሚኔት አይመለስም። ከከሰሉ የሚፈናጠር ፍምም ፊቱን ያቃጥላል። ስለዚህ ከቄጠማው ሥር ላስቲክ፣ ከምድጃው ሥር ሰፊ የብረት ትሪ ይሁን። የጀርመን ቤት መስኮት አየር ስለማያሳልፍ ደግሞ ከሰል ታምቆ ሰው ይገድላልና ቡናው በኤሌክትሪክ ቢፈላ ይመረጣል።

ሥራው ሲጀመር የተገዛው ጣውላ ማሸጊያው ሳይከፈት በሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ 48 ሰዓት ተጋድሞ ይቆይ፤ የክፍሉን ሙቀትና እርጥበት ይልመድ። በቆየ ሞኬት ላይ አይነጠፍም፤ ይረግባል፣ ይሻግታልም። ከሥሩ ሲሚንቶ ከሆነ መጀመሪያ ላስቲክ፣ ቀጥሎ ድምፅ የሚያፍነው ስስ ምንጣፍ ይገባል። ጣውላው ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን አቅጣጫ ቢዘረጋ መጋጠሚያው አይጎላም። ከግድግዳው፣ ከቧንቧውና ከበሩ መቃን አንድ ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተው፤ ዞኮሎው ይሸፍነዋል። ይህን ክፍተት የናቀ ሰው በበጋ ወለሉ እንደ ጉብታ ተነሥቶ ያገኘዋል። የጎን ለጎን ረድፎች የጣውላ ጫፎችም ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራራቁ። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ 5 በ4 ሜትር ክፍል 20 ካሬ ሜትር ነው፣ ለቁርጥራጭ ከመቶ 10 ሲጨመር 22 ይገዛል።

ድምፅ የሚያፍነውን ምንጣፍ ለመቆጠብ የሚሞክር ሰው የታች ጎረቤቱን ጠላት ያደርጋል። ሞኬት የዋጠው የልጆች ሩጫ በላሚኔት ላይ ከበሮ ይሆናል። ነገሩ ቤት የገዙትንም ይመለከታል፤ የጀርመን ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 በሰጠው ውሳኔ ሞኬቱን አንሥቶ ሴራሚክ ያነጠፈ የአፓርታማ ባለቤት ለታች ጎረቤቱ ዝቅተኛውን የድምፅ መከላከያ ደረጃ እንዲያሟላ ታዟል። ሥራውም እሑድ አይሠራ። ጀርመን እሑድን በሕግ ያከብራል፤ ደቦው ቅዳሜ ይሁን፣ ሁለት መስመር ማስታወቂያም ደረጃው ላይ ይለጠፍ።

ወገን ለወገን ቤት ሲለቅለት ወለሉን ይሸጥለታል፤ በጀርመንኛ አብሎዘ የሚሉት ነው። ገዢው ላሚኔቱን ብቻ ሳይሆን የማንሣት ዕዳውንም ሊረከብ እንደሚችል ይወቅ። አከራዩ ካልፈረመበት የሁለቱ ጓደኛሞች ስምምነት አይበቃም። ሻጩም ያረጀ ወለል በአዲስ ዋጋ አይሽጥ፤ ከዕቃው ዋጋ እጅግ የበለጠ አብሎዘ በሕግ አይጸናም።

ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ሸክም መሆን የለበትም። በከተማው ያሉ ማኅበራት ለበዓል አዳራሽ ይከራያሉ፣ ለለቅሶ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ መልካም ነው። አንድ መጋዝና አንድ የመለኪያ ሜትር በጋራ ገዝቶ ማዋዋስ፣ በጀርመንኛ የተዘጋጀ አንድ የደብዳቤ ናሙና ማስቀመጥ፣ ለአዲስ መጪዎች ሚተርፌራይን የሚባለውን የተከራዮች ማኅበር በር ማሳየት ግን ከአንድ የጭፈራ ምሽት ያነሰ ወጪ ነው። የሚያድነው የብዙ ቤተሰብ የሦስት ወር ኪራይ ነው።

በመጨረሻም «አገሬ እገባለሁ» ለሚለው ወገን። ጥሩ ወለል ላይ መኖር አገርን መርሳት አይደለም። አገር ቤት የቀረችው እናት የጭቃ ቤቷን ወለል በየጊዜው ትለቀልቅ የነበረው ለዘለዓለም ልትኖርበት ሳይሆን ዛሬ ልጆቿ ስለሚቀመጡበት ነው። የመግቢያው ቀን ሲደርስ ላሚኔቱ በአንድ ቀን ይነሣል። በቆሸሸ ሞኬት ላይ ያለፈው የልጅነት ዘመን ግን ተነሥቶ የሚመለስ አይደለም።