እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ

«ባሕር የሌላት አገር ልጆች ስለ ሃዋይ ባሕር ምን አገባችሁ?» የሚለን አንባቢ አይጠፋም። ያገባናል። አሜሪካ ካሉት የአክስትና የአጎት ልጆቻችን፣ አብሮ አደጎቻችን፣ ዲቪ ደርሷቸው ከሄዱት የክፍል ጓደኞቻችን መካከል ፈቃድ ሲወጡ ወደዚያ ጎራ የሚሉ አሉ። ሰማያዊ ውሃ፣ ቢጫ ዓሣ፣ ከውሃው በላይ የወጣ አውራ ጣት... ፎቶው እኛም ጋ ይደርሳል። እኛም «መቼ ይሆን?» እንላለን። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «ዋና አልችልም፤ ግን ስኖርክሊንግ እኮ መንሳፈፍ ብቻ ነው፣ አይደል?»

አይደለም። የዛሬው ጽሑፋችን ሙሉ ሐሳብ ከዚህች «አይደለም» የሚነሳ ነው።

ለማያውቀው፣ ስኖርክሊንግ ማለት መስታወት ያለው ጭንብል ፊት ላይ አጥልቆ፣ ቱቦ በአፍ ነክሶ፣ ፊትን ውሃ ውስጥ ደፍቶ በሆድ እየተንሳፈፉ የባሕሩን ወለል ማየት ነው። ሲያዩት ከእንቅልፍ የሚቀል ይመስላል። የሚያሳስበንም ይህ ቅለቱ ነው። ማዕበል የሚያጓራበትን ባሕር ማንም ይፈራዋል። ጸጥ ያለውን፣ ጉልበት የማያልፈውን፣ ሕፃናት የሚንቦጫረቁበትን ውሃ ግን ማን ይፈራል? አባቶቻችን «እያሳሳቀ እንደ ውሃ ወሰደው» ያሉት እንዲህ ያለውን ሳይሆን አይቀርም።

በምሳሌ እንነጋገር። በሃዋይ ኦዋሁ ደሴት ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ቱሪስት ከሚጎርፍበት ዋይኪኪ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሃናውማ ቤይ የምትባል የባሕር ወሽመጥ አለች። የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ አንድ ጎኑ ተደርምሶ ባሕሩ የገባበት ስለሆነች ከላይ ሲያዩዋት ጠርዙ የተሸረፈ ስኒ ትመስላለች። ኤልቪስ ፕሪስሊ በ1961 የወጣውን «ብሉ ሃዋይ» ፊልሙን ሲሠራ ካሜራ የተደገነባት ቦታ ናት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልን።) በ1967 በሃዋይ የመጀመሪያው የተጠበቀ የባሕር ሕይወት ክልል ተብላ ዓሣ ማጥመድ ተከለከለባት። ዓሣው በዛ፣ ሰው አለመደ። ዝናዋ ወጣ። ከዚያ ሰዉ በዛ።

በ1980ዎቹ በአንድ ቀን እስከ 10,000 ሰው ይገባባት ነበር። 10,000 ሰው! ያ ሁሉ ሰው ሰንስክሪኑን ተቀብቶ፣ ለዓሣ የሚበትነውን ዳቦና በረዶ የሠራ አተር በላስቲክ ይዞ፣ ሲደክመው ኮራሉ ላይ ቆሞ እያረፈ ይውል ነበር። ኮራል ደግሞ ድንጋይ ይምሰል እንጂ ድንጋይ አይደለም። በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን እንስሳት ተያይዘው የሠሩት ቤት ነው። ብዙው ዓይነት በዓመት የሚያድገው በጣት ውፍረት ቢለካ ነው። አንድ ሰው ለግማሽ ደቂቃ እፎይ ብሎ የቆመበት ቦታ የብዙ ዓመት ሥራ ሊሆን ይችላል።

ሆኖሉሉ ከተማ ቀስ በቀስ ነቃ። ከ1990 ጀምሮ የጎብኚው ቁጥር እንዲቀንስ ተደረገ፤ ወሽመጧም በሳምንት ዕረፍት ተሰጣት። በ1999 ዓሣ መመገብ ቀረ። በ2002 የትምህርት ማዕከል ተከፍቶ፣ ማንም ጎብኚ አጭር ፊልም ሳያይ ወደ ውሃው እንዳይወርድ ተደነገገ። በ2020 በኮሮና ምክንያት ለወራት ስትዘጋ ተመራማሪዎች ያዩት ነገር የክርክሩን መጨረሻ ያመለከተ ይመስለናል። ውሃው ጠራ፣ ዓሣው ወደ ዳርቻው ቀረበ። ከ2021 ወዲህ የሌላ አገርና የሌላ ግዛት ጎብኚ በኢንተርኔት ቀጠሮ ይዞ ነው የሚገባው። ነዋሪ ላልሆነ አዋቂ 25 ዶላር ይከፈላል። ሰኞና ማክሰኞ ዝግ ነው።

በዚህ የሚናደዱ ብዙ ናቸው። «ባሕር የእግዜር ነው፤ በቀጠሮ የሚታይ ባሕር ምን ጉድ ነው?» ይላሉ። እኛ ግን ከከተማው ጎን ቆመናል። እንዲያውም አንድ ነገር እንጨምራለን። ኮራሉን የሚጠብቀው ሕግና ዋናተኛውን የሚጠብቀው ሕግ አንድ ነው። ሰው ሲያንስ ኮራሉ ያርፋል፤ ጠባቂውም እያንዳንዱን ጭንቅላት ማየት ይችላል። ፊልሙ «ኮራል ላይ አትቁሙ» ሲል የእናንተንም እግር ከመቆረጥ እያዳነ ነው። ቀጠሮው ቀኑን አስቀድማችሁ እንድታስቡበት ያስገድዳችኋል። አስቀድሞ ያልታሰበበት ባሕር ደግሞ አደገኛ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ሃዋይን ለመጎብኘት ሄደው በውሃ ሕይወታቸው ካለፈ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ስኖርክሊንግ ላይ የነበሩ ናቸው። እንደ ፊልም እጃቸውን እያወናጨፉ «አድኑኝ!» ያሉ አይምሰላችሁ። የሃዋይን አደጋዎች የመረመረ ጥናት ያገኘው ሌላ ነው። ብዙዎቹ ድምፅ አላሰሙም። አንዳንዶቹ የነበሩት እግራቸው መሬት በሚነካበት ውሃ ውስጥ ነው። አብሯቸው የመጣው ሰው እየተዝናኑ ነበር የመሰለው።

ምክንያቱን ጥናቱ እንዲህ ያስረዳል። በቱቦ ውስጥ አየር መሳብ በባዶ አፍ እንደመሳብ አይቀልም። በተለይ ውሃ እንዳይገባባቸው ቫልቭ የተገጠመላቸው አንዳንድ ዘመናዊ ቱቦዎች ትንፋሽ ያከብዳሉ። ሰውየው ሲደክምና በኃይል አየር ሲስብ በደረቱ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ከደም ሥሮቹ ፈሳሽ ወደ ሳንባው ይስባል። ሰውየው ገና ውሃ ሳይጠጣ ሳንባው ውሃ ይቋጥራል ማለት ነው። ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ቀስ ብሎ ራሱን ይስታል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው የበለጠ ይሰጋል። ጥናቱ ከረጅም በረራ ማግስት ውሃ መግባትንም ጠርጥሮ፣ ጥቂት ቀን መታገሥ ብልህነት ነው ይላል። ከአዲስ አበባም ሆነ ከዋሽንግተን ሃዋይ የሚደርስ ሰው አውሮፕላን ላይ የሚያሳልፈውን ሰዓት አስቡት። ከኤርፖርት ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ባሕር የሚለውን ፕሮግራም ከወዲሁ ሰርዙት።

እንግዲህ ዕቅዱ እንዴት ይሁን? እኛ ብንሄድ እንዲህ እናደርግ ነበር።

መጀመሪያ ጨረቃዋን እናያለን። አትሳቁ! በኦዋሁ ደቡባዊ ዳርቻዎች ቦክስ ጄሊፊሽ የሚባለው ተናዳፊ ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ከ8 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ በብዛት ይመጣል። ሃናውማም በእሱ ምክንያት የምትዘጋበት ጊዜ አለ። በዓላቱን በጨረቃ ሲቆጥር ለኖረ ሕዝብ ይህ ከባድ ሒሳብ አይደለም።

ቀጥሎ ቀጠሮ። ቀጠሮው የሚከፈተው ከጉብኝቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በሃዋይ ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ለዘመዱ ልያዝለት ቢል ለእሱ ከምሽቱ 2 ሰዓት መሆኑ ነው። ቶሎ ስለሚያልቅ መዘግየት አያዋጣም። ከተገኘ የማለዳውን መያዝ ነው፤ ሰዉም አልተጨናነቀ፣ አሸዋውም በእግር ተበጥብጦ ውሃውን አላደፈረሰው። ዋጋውና ሰዓቱ ሊቀያየር ስለሚችል የከተማውን ድረ ገጽ ከመሄድ በፊት ማየት አይጎዳም።

ሦስተኛው ዕቃ ነው። ቱቦው ቀለል ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ብልሃት ያልበዛበት ይሁን። ፊትን ሙሉ የሚሸፍነው አዲሱ ጭንብል ፎቶ ላይ ያምራል፤ ትንፋሽ ሲያጥር ግን ከአፍ ቱቦ እንደመትፋት ቶሎ አይወልቅም። እኛ ይቅርብን እንላለን። ሰንስክሪን ስትገዙም የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ። ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት ያለባቸው ለኮራል ጎጂ ናቸው ተብለው ከ2021 ጀምሮ በሃዋይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጡ ተከልክለዋል። ከሁሉ የሚሻለው ሰንስክሪን ግን እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ ነው። አይታጠብም፣ አያልቅም፣ ዓሣም አይጎዳም።

አራተኛው የት እንግባ የሚለው ነው። ከሪፉ ወዲህ፣ ወደ ባሕር ዳርቻው ተጠግቶ «ኪሆል» የሚባል ወለሉ አሸዋ የሆነ ገንዳ መሰል ቦታ አለ። ጀማሪ እዚያ ይበቃዋል። ከሪፉ ማዶ ያለው ለጎበዝ ዋናተኛ ነው። በወሽመጧ አፍ ላይ «ሞሎካይ ኤክስፕረስ» እየተባለ የሚጠራ ጎታች የውሃ ጅረት አለ። ስሙ ራሱ ይበቃል፤ የያዘውን ወደ ሌላ ደሴት እንደ ፈጣን ባቡር ይዞ ይሄዳል እንደ ማለት ነው። ውሃ ከመግባታችን በፊት ማማው ላይ ያለውን ላይፍ ጋርድ «ዛሬ የትኛው ቦታ ይሻላል?» ብለን እንጠይቃለን። መጠየቅ በነጻ ነው።

ውሃው ውስጥ ደግሞ እግር ሁልጊዜ አሸዋ በሚነካበት ቦታ እንቆያለን። ጓደኛ ከጓደኛ አይለይም፤ በየደቂቃው ቀና ብሎ መተያየት ነው። ሳይለፉ ትንፋሽ ካጠረ «ትንሽ ቆይቶ ይተወኛል» የለም። ጭንብሉን ማውለቅ፣ መቆም፣ እጅ ማውጣት፣ መውጣት። የባሕር ኤሊ ከመጣ ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ ማየት ነው። ዋጋችንን የከፈልነው ለማየት እንጂ ለመንካት አይደለም።

የመጨረሻው ነጥባችን ግን የዕቃም የቦታም ጉዳይ አይደለም። ሼም ነው። እኛ በአብዛኛው ዋና የተማርነው፣ ከተማርን፣ በግዮን ወይም በሶደሬ ገንዳ ነው። ከገንዳ ወጥተን ላንጋኖ ከገባን ደግሞ እስከ ወገባችን ነው። ይህ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሚያሳፍረው ሌላ ነው። 6 ሆነን ሄደን 5ቱ ሲገቡ 6ኛዋ «አልችልም» ማለት ከብዷት፣ ቱቦውን ነክሳ፣ እየሳቀች የምትከተልበት ልማድ ነው። «ነይ ባክሽ፣ እኛ አለንልሽ!» የሚለው ጓደኛ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ሁለት ሜትር ርቆ ዓሣ እያየ ያለ ጓደኛ ፊቱን ውሃ ውስጥ የደፋ ነው። አያያትም።

ስለዚህ አቋማችንን ጠቅለል አድርገን እንናገር። ወደ ባሕር የሚሄድ ቡድን ቲኬት ከመቁረጡ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠያየቅ፦ ማን ዋና ይችላል? ማን የልብ ወይም የትንፋሽ ችግር አለበት? መልሱ ሳይሳቅበት ይደመጥ። የማይችል ሰው ላይፍ ጃኬት ለብሶ ጥልቀት በሌለው ቦታ ይቁም፣ ወይም ከወራት በፊት ገንዳ ገብቶ ይማር፣ ወይም አሸዋው ላይ ተቀምጦ ውሃውን ይይ። ሦስቱም ክብር ያላቸው ምርጫዎች ናቸው። «አልችልም» ማለት ከየትኛውም ጭንብልና ቱቦ በፊት ሻንጣ ውስጥ መግባት ያለበት ዕቃ ነው። ክብደት የለውም፣ ገንዘብም አያስወጣም።