መዥገር የከብት ብቻ ነው ያለው ማነው?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለራሴ ስህተት ነው።

ፍኖተ ሰላም አካባቢ ስሠራ፣ ጥር መጨረሻ ላይ አንድ ወጣት ከአክስቱ ጋር መጣ። ኑሮው አዲስ አበባ ነው፤ ለዘመድ ሰርግ ቡሬ ገጠር ገብቶ ሳምንት ከርሟል። ትኩሳት፣ ራስ የሚፈልጥ ሕመም፣ አንገትና ወገብ ላይ ቁርጥማት አለው። የወባ ምርመራው ነጻ ነው። ሌላው የደም ውጤት ደግሞ ሁላችሁም የምታውቁት ነው፤ "ታይፎይድና ታይፈስ"። ሴፍትሪያክሶን በመርፌ አዘዝኩለትና ቀጣዩን ታካሚ ጠራሁ። ወረፋው እስከ ግቢው በር ደርሶ ነበር።

በ3ኛው ቀን ትኩሳቱ እንዳለ ተመለሰ። ሱሪህን አውልቅ ያልኩት ገና ያኔ ነው። ከጉልበቱ ጀርባ ሲጋራ የተተረኮሰበት የመሰለ ጥቁር ቅርፊት አለ፣ ዙሪያው ቀልቷል፣ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት አብጧል። "ይሄ ምንድነው?" ስል አክስቱ ቀበል አድርገው "እሱማ መዥገር ነው የኔ ልጅ፣ ነቅዬ ጥዬለታለሁ። ደሞ ለመዥገር!" አሉኝ። እሳቸው ለምን አልተናገሩም አልልም። ማን ጠየቃቸው?

መድኃኒቱን ወደ ዶክሲሳይክሊን ቀየርኩት፤ በ2 ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። በሽታውን በትክክል የሚለይ ምርመራ ስላልነበረን አረጋገጥኩ ብዬ አልፎክርም። ግን ንክሻው፣ ቅርፊቱ፣ ንፍፊቱ፣ ቀኑ፣ ሁሉም ወደ አንድ ነገር ይጠቁማል፤ የአፍሪካ የመዥገር ትኩሳት።

አምጪው ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ከሩቅ የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ሳይንቲስቶች ሙሉ ዘረመሉን አንብበው ያሳተሙት በ1960ዎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ከከብት ላይ ከተሰበሰበ መዥገር የተገኘውን ዝርያ ወስደው ነው። አንድ ፈረንጅ ከደቡብ አፍሪካ ሳፋሪ ተመልሶ ቢያተኩሰው፣ ሐኪሙ ከወባ ቀጥሎ ከሚያስባቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። እኛ፣ ባክቴሪያው አገራችን ውስጥ እያለ፣ አናስበውም።

ለምን? አንዱ ምክንያት ያቺ "ታይፈስ" የምትል ወረቀት ናት። ዌይል-ፊሊክስ የሚባለው ይህ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተገኘ ነው። ባክቴሪያውን ራሱን አይፈልግም፤ ሴረማችን ፕሮቲየስ ከሚባል ሌላ ባክቴሪያ ጋር ሲቀላቀል መጓጎል አለመጓጎሉን ነው የሚያየው። በሌላ ሰበብም ሊጓጉል ይችላል፣ በሽታው እያለም ላይጓጉል ይችላል። እውነተኛው ታይፈስ ደግሞ በቅማል የሚተላለፍ ሌላ በሽታ ነው። እንደ ሐኪም የምናገረው ይከብደኛል፣ ግን የታካሚን ሱሪ ከማስወለቅ ወረቀት ማንበብ ስለሚቀለን ነው። ሴፍትሪያክሶንና መሰሎቹ ሪኬትሲያን አይነኩም፤ ስለዚህ ገንዘባችሁም ጊዜያችሁም ባክኖ ትኩሳቱ እዚያው ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ሰሞኑን ለሰርግም ለፎቶም አረንጓዴዋን የጎጃም ቁምጣ መልበስ ፋሽን ሆኗል። ያምራል፣ እኔም አለችኝ። ግን በቁምጣ ሳር ውስጥ መንበርከክ ለመዥገር ድግስ መጥራት ነው። በተለይ ቀን ከብት የሚያርፍበት የዛፍ ጥላ! ከተሜ ብርድ ልብስ ዘርግቶ ቡና የሚያፈላው እዚያ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፈው፣ እግሩ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው መዥገር ሳር ላይ ተቀምጦ ብቻ አይጠብቅም፤ ትንፋሻችን ስቦት መሬት ለመሬት እየተራመደ ይመጣል። አይዘልም፣ አይበርም፣ ግን ይደርሳል። የሚነክሰን ብዙ ጊዜ ደም ጠጥቶ የተነፋው ትልቁ ሳይሆን ጠቃጠቆ የምታክለው ትንሿ ናት፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው "አልተነከስኩም" የሚለው።

ረዥም ሱሪ ልበሱ፣ ጫፉን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ሰው ይስቅ፤ ሳቅ አያተኩስም። ልብሱ ነጣ ያለ ከሆነ የሚሄድባችሁን ታዩታላችሁ። ዲኢኢቲ ያለበት የትንኝ መከላከያ ቅባት ካገኛችሁ ባዶ ቆዳ ላይ ይረዳል። ለከብት የሚረጨውን ዲያዚኖን ግን እንዳትቀቡ፤ መርዝ ነው፣ በቆዳ ይገባል። ማታ ልብሳችሁን አውልቃችሁ ተፈታተሹ፤ ከጉልበት ጀርባ፣ ብሽሽት፣ ብብት፣ እምብርት፣ ቀበቶ የሚያርፍበት ቦታ፣ ከጆሮ ጀርባ። የልጆችን ጸጉር በጣት እየገለጣችሁ እዩ።

ካገኛችሁ ደግሞ ክብሪት መለኮስ፣ ነጭ ጋዝ ማፍሰስ፣ ቅቤ መቀባት ይቅር፤ መዥገሩ ሲጨነቅ ውስጡ ያለውን ወደ ቁስሉ ሊተፋ ይችላል። ትክክለኛው መሣሪያ ከድሮም አለን፤ ባላገር እሾህ የሚያወጣበት ወረንጦ! በተቻለ መጠን ቆዳችሁ አጠገብ ያዙትና ሳታጣምሙ፣ ሳትቸኩሉ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ሆዱን አትጭመቁት። ወረንጦ ከሌለ በፌስታል በተሸፈነ ጣት። አፉ ተሰብሮ ቢቀር በመርፌ አትቆፍሩ፤ ቆዳው ራሱ ይገፋዋል። ከዚያ ቦታውን በሳሙና ታጠቡ። መዥገሩን በጥፍር አታፍርጡት፤ ፎቶ አንሱት፣ ቀኑ ስልካችሁ ላይ ይቀመጣል።

ተነከስኩ ብሎ ወዲያው ኪኒን መዋጥ አያስፈልግም፤ ሁሉም መዥገር በሽታ አይሰጥም። ጎግል ስታደርጉ የሚመጣላችሁ "ላይም" የሚባለው በሽታም በዋናነት የአሜሪካ፣ የአውሮፓና የእስያ ነው፣ እንቅልፍ አትጡበት። ግን እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ካተኮሳችሁ ወይም ጥቁር ቅርፊት ካወጣችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ባይጠይቃችሁም "ገጠር ነበርኩ፣ መዥገር ነክሶኛል" በሉት፣ ፎቶውንም አሳዩት። ጥቁር ቅርፊት አባሰንጋም ሊሆን ስለሚችል ቤት ውስጥ አትገምቱ። ዶክሲሳይክሊን ርካሽ ነው ብላችሁም ከፋርማሲ በራሳችሁ አትግዙ፤ ለነፍሰ ጡርና ለልጅ የሚታሰብበት ነገር አለው።

አክስቱ ሲወጡ አንድ ጥያቄ ጣሉብኝ። "ታዲያ እኛን ከልጅነት ጀምሮ እየነከሰን ምነው አልጣለን?" አሉ። ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል አልኳቸው። በእኔ ግምት "ምች መታኝ" ብለን ዳማ ከሴ ከምናሸትበት ትኩሳት ጥቂቱ የመዥገር ነው። ይህንንም ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና "እንግዲያው ዳማ ከሴው ነዋ ያዳነን" ብለው ስቀው ወጡ።