አፕዴቱን አታስዘጉት፣ ሰዓት ስጡት

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ፣ ሞያሌ ያለ ደንበኛዬ የዕቃ ዝርዝር እንድልክለት ስልክ ላይ እየጠበቀኝ ሳለ ኮምፒውተሬ ራሱን አጥፍቶ አፕዴት ማድረግ ጀመረ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ፐርሰንት ስቆጥር ተቀመጥኩ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ማስታወቂያው በመጣ ቁጥር "በኋላ" የምትለዋን እየነካሁ ወር ሊሞላኝ ነበር።

እዚህ ኢስሊ መፍትሔው ይታወቃል። ኮምፒውተር የሚሠሩት ልጆች ትንሽ ሽልንግ ይቀበሉና አፕዴቱን ጭራሽ ይዘጉታል። እኔም ድሮ አዘግቼ ነበር፣ አሁን ግን አልስማማም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 ገደማ አገሮች የሰው ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። የኔ የዱቤ መዝገብ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ቢቆለፍብኝ ማን ስንት እንዳለበት በምን አውቃለሁ? ተበዳሪው መጥቶ አይነግረኝም።

ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት የሚለውን ስትከፍቱ "ፖዝ" የሚል አለ። ሥራ በሚበዛበት ሳምንት፣ በተለይ ለበዓል ጭነት ስንልክ፣ በእሱ አስቁሙት፤ ጊዜው ሲያልቅ ራሱ ይቀጥላል። "አክቲቭ አወርስ" ላይ ደግሞ የሱቃችሁን ሰዓት ሙሉ፣ በዚያ ሰዓት ለአፕዴት ብሎ ራሱን እንዳያጠፋ። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት መሆኑን አትርሱ፤ በኛም በስዋሂሊም ጠዋት ሁለት ሰዓት የምንለው ለእሱ ስምንት ነው። ከስልካችሁ ኢንተርኔት የምታጋሩ ከሆነ ዋይፋዩ ላይ "ሚተርድ ኮኔክሽን" የሚለውን አብሩት፤ አብዛኛው አፕዴት ባንድላችሁን ሳይበላ ይጠብቃል።

ድረ ገጽ ስታዩ ጥግ ላይ ብቅ ብሎ "ቫይረስ ገብቶብሃል፣ አሁኑኑ አድስ" የሚለው ግን ሌላ ነው። እሱ ሌባ ነው፣ አትንኩት። ክሮም ላይ ከመጣ ሴቲንግስ ገብታችሁ "ኖቲፊኬሽንስ" ከሚለው ውስጥ የማታውቁትን ድረ ገጽ ሁሉ አውጡ።

ዊንዶውስ 10 ያላችሁ ደግሞ፣ ማስታወቂያው ቀነሰልኝ ብላችሁ ደስ አይበላችሁ። መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ለተራዘመው ድጋፍ ካልተመዘገባችሁ አዲስ ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍንላችሁ የለም። ኮምፒውተራችሁ 11ን የሚችል መሆኑን ዛሬውኑ አስዩት።