ሙቀትም ውበትም ከአንድ ሣጥን



የዛሬው ርእሳችን ብርድና አለባበስ ነው። «ስለ ልብስ ደግሞ ምን የሚጻፍ አለ?» የሚል ቢኖር፣ በኅዳር ማለዳ በደብረ ታቦር መንገድ ዳር ቆሞ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱትን ልጆች ይመልከት። አንዷ እጇን በብብቷ ሸጉጣ፣ ሌላው ትከሻውን እስከ ጆሮው ሰብስቦ ነው የሚጓዘው። ክፍል ገብተውም የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እስኪጋመስ ጣታቸው እስክሪብቶ አይጨብጥም። ይህን የምለው በየማለዳው ከሰሌዳው ፊት ቆሜ ስለማየው ነው።

ታዲያ ቤታቸው የሚለበስ ጠፍቶ ነውን? ያጣ መኖሩ እውነት ነው፤ የብዙዎቹ ግን እንዲያ አይደለም። ጋቢ አለ፤ ሹራብ አለ፤ ከታላቅ ወንድም የተረፈ ካፖርት አለ። ነገር ግን «ጋቢ ለብሼ ክፍል ብገባ ይስቁብኛል» የሚለው ሐፍረት ከብርዱ በርትቷል። ወላጅም በበኩሉ ለዒድ የሚያብለጨልጭ ስስ ልብስ ይገዛና የሚሞቀው ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል። ሙቀትና ውበት የማይታረቁ ባላንጣዎች ተደርገው ስለተቆጠሩ ልጆቻችን በሁለቱ መካከል ይንቀጠቀጣሉ። የዛሬው ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ማስታረቅ ነው።

በመጀመሪያ ብርዳችንን እንወቀው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2700 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከበላይዋ ያለው የጉና ተራራ ከ4000 ሜትር ያልፋል። በፎገራ ሜዳ ያለችው ወረታ ግን 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛልና፣ ከወረታ ተነሥቶ ደብረ ታቦር የሚገባ መንገደኛ 5 ወይም 6 ዲግሪ የሚሆን ሙቀት ጥሎ ነው የሚመጣው። ወደ ጋይንት የሚቀጥለውማ የሚወርድባት ከተማ ስሟ ራሱ «ነፋስ መውጫ» ነው!

ብርዳችን ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። የክረምቱ ብርድ እርጥብ ነው፤ ጭጋግ፣ ዝናብና በረዶ ያለበት። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ግን ደረቅ ነው። ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊቱን የሚይዝላት ደመና አይኖርም፤ ስለዚህ ሌሊቱና ማለዳው ይቆረጥማል። ከረፋዱ በኋላ ደግሞ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ለእንዲህ ያለ አየር አንድ ወፍራም ልብስ መፍትሔ አይሆንም፤ ጠዋት ያሞቀን እኩለ ቀን ላይ ያልበናል፣ ላቡም ማታ መልሶ ያበርደናል። የሚያስፈልገን በየሰዓቱ የሚደረብና የሚወልቅ ልብስ ነው።

ለእኛ ለሙስሊሞች ነገሩን የሚያስቸኩል ሌላ ምክንያትም አለ። የሂጅራው ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር የረመዳን ወር በየዓመቱ ወደ ኋላ እየተሳበ ወደ ብርዱ ወራት በመግባት ላይ ነው። በ2022 ዓ.ም. ረመዳን በታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ይገባል ተብሎ ይጠበቃል። ታላላቆቻችን በ1990 ዓ.ም. አካባቢ የነበረውን የታኅሣሥና የጥር ረመዳን ያስታውሱታል። ለሰሑር መነሣት፣ ከተራዊሕ በኋላ በሌሊት ወደ ቤት መመለስ፣ ለፈጅር በቀዝቃዛ ውኃ ዉዱእ ማድረግ፣ ይህ ሁሉ በውርጭ ሊሆን ነው። አዛውንቶቻችንና እናቶቻችን ብርድ ፈርተው ከመስጊድ እንዳይቀሩ ከአሁኑ ማሰብ ደግ ነው።

እንግዲህ ወደ ውበቱ እንምጣ። በዓለም ላይ «አለባበስ ያውቃሉ» እየተባሉ ስማቸው የሚነሣው ፈረንሳውያን ናቸው። ይሁንና ዛሬ የፓሪስ ጌጥ የሚባሉት የብርድ ልብሶቻቸው ከየት እንደመጡ ብንመረምር የምናገኘው ቤተ መንግሥትን አይደለም። ክብ የሱፍ ቆባቸው፣ ቤሬ የሚባለው፣ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ የቤያርን በግ ጠባቂዎች የሚለብሱት ነበር። ባለ መስመር ሹራባቸው እ.ኤ.አ. በ1858 ለባሕር ኃይል መርከበኞች የተደነገገ የሥራ ልብስ ነው። ጋብርኤል ሻኔል የተባለችው ዝነኛ ልብስ ሠሪም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ስሟን ያስጠራችው እስከዚያ ድረስ ለወንዶች የውስጥ ልብስ ይውል በነበረ ጀርሲ በሚባል ርካሽ የሹራብ ጨርቅ የሴት ልብስ በመሥራቷ ነው። የእረኛው፣ የመርከበኛውና የሠራተኛው ልብስ በልክ ተሰፍቶ፣ ቀለሙ ተስማምቶ፣ በንጽሕና ተይዞ ነው ጌጥ የሆነው። እኛስ? ከጉና ሥር በግ የሚያረባ ሕዝብ ሆነን፣ ፋርታ በራሱ ስም የሚጠራ የበግ ዘር እያለው፣ የመንዝ ሴቶች የበጉን ፀጉር ፈትለው ወንዶቹ ባናና በርኖስ እየሠሩለት፣ የእረኛ ልብስ ብለን የምናፍርበት ምክንያት ምንድን ነው?

«ፈረንሳይ እኮ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ሕግ ሂጃብን ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያገደች አገር ናት፤ ከእርሷ ምን እንማራለን?» የሚል ወንድም ወይም እህት አይጠፋም። ቅሬታው ተገቢ ነው። ሕጓን አንቀበልም፤ መርፌዋና ክሯ ግን ጥፋት የለባቸውም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በጉዞ ላይ ሳሉ እጅጌው ጠባብ የሆነ የሻም የሱፍ ጁባ ለብሰው እንደነበር፣ ለዉዱእም እጃቸውን ከእጅጌው ማውጣት ስላስቸገራቸው በጁባው ሥር እንዳወጡ ሙጊራ ኢብን ሹዕባ (ረ.ዐ.) ያወሩት በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ሻም ያን ጊዜ በሩም ግዛት ሥር ነበረች። ልብሱ ከሌላ ሕዝብ እጅ በመምጣቱ አልተተወም። «በርኖስ» የሚለው ስም ራሱ ከዐረብኛው «ቡርኑስ» የመጣ ነው። በሱረቱ ነሕልም ከእንስሳት ፀጉርና ቆዳ የሚገኘው ሙቀት ከአላህ ጸጋዎች መካከል ተቆጥሯል። ስለዚህ ሚዛናችን ልብሱ ሰውነትን መሸፈኑ፣ ከኩራትና ከብክነት መራቁ ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። የሙቀት ምሥጢር ከጨርቁ ውፍረት ይልቅ በጨርቆች መካከል የሚታሰረው አየር ነው። ጋቢ አራት እጥፍ የሆነው በከንቱ አይደለም፤ እናቶቻችን ይህን ትምህርት ከፊዚክስ መጽሐፍ በፊት ያውቁት ነበር። ስለዚህ በሦስት ደረጃ እንልበስ።

አንደኛው ከገላ የሚነካው ነው። ስስ፣ ንጹሕና ልክክ ያለ ይሁን፤ ካናቴራና ታይት ለዚህ ይሆናሉ። ሁለተኛው ሹራብ ነው፤ ሙቀቱን የሚይዘው እርሱ ነው። ሦስተኛው ነፋስና ዝናብ የሚከለክለው የላዩ ነው፤ ካፖርት፣ በርኖስ ወይም ጃኬት። በደረቁ ብርድ ጋቢም ያገለግላል። በክረምት ግን ጋቢን ከላይ መልበስ አይበጅም፤ ጥጥ ውኃ ከጠጣ ሙቀቱን ይጥላል። ሱፍ ግን ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ቢይዝም ቶሎ አይቀዘቅዝም።

እህቶቼ ሆይ፣ ብርድ የሂጃብ ወዳጅ መሆኑን ልብ ብላችኋል? ሸሪዓው ረዥም፣ ሰፊና ገላ የማያሳይ ይሁን ይላል፤ ብርዱም ይህንኑ ይላል። ጥበቡ ከውስጥ ልክክ ያለውን፣ ከላይ ሰፋ ያለውን መልበስ ነው። ከውስጥም ከላይም የሰፋ ከሆነ ነፋስ ይገባል፣ ሰውነትም ድንኳን ይመስላል። ለምሳሌ ጥቁር ሰማያዊ ረዥም ቀሚስ፣ ከሥሩ ወፍራም ታይት፣ ከላዩ ግራጫ ሹራብ፣ ከዚያም ከጉልበት በታች የሚወርድ ቡናማ ካፖርት፣ በሂጃቡ ላይ ደግሞ በኪሮሽ የተሠራ ክሬም የሱፍ ሻርፕ። ይህን የለበሰች መምህርት ወይም ነጋዴ ከፓሪስ ሴት የምታንሰው ምንድን ነው? ጅልባብ የምትለብሰውም ሹራቡን ከሥር ብታደርገው መልኳ አይለወጥም፤ ሙቀቷ ግን ይለወጣል። እጅጌ ሲሰፋ ከክርን በላይ በቀላሉ የሚሰበሰብ ይሁን፤ ዉዱእ ላይ ያስቸግራልና።

ቀለምን በተመለከተ ፈረንሳውያን ብዙ አይደባልቁም። ሁለት ወይም ሦስት ጸጥ ያሉ ቀለሞች ይመርጡና አንድ ደመቅ ያለ ነገር ብቻ ይጨምራሉ። የዚህ ጥቅሙ ገንዘብ ነው። ሦስት ሹራብና ሁለት ቀሚስ እርስ በርስ ከተስማሙ ስድስት ዓይነት አለባበስ ይወጣቸዋል፤ ካልተስማሙ ግን ሣጥን ሞልቶም «የምለብሰው የለኝም» ማለት አይቀርም። አበው «ሲያጌጡ ይመላለጡ» ያሉት ከልክ ያለፈ ጌጥ እንደሚያስቀይም ስላዩ ነው።

ለወንዶችም ይኸው ነው። የትከሻው ስፌት በትከሻ አጥንት ጫፍ ላይ የሚያርፍ ካፖርት፣ ከሥሩ ሹራብ፣ አንገት ላይ ሻርፕ። ያገለገለ ካፖርት ብትገዙም ለትከሻው ተጠንቀቁ፤ ርዝመትና ጎን በልብስ ሰፊ ይስተካከላል፣ ትከሻ ግን አስቸጋሪ ነው።

ሻጭ «ሱፍ ነው» ሲል እንዴት እናረጋግጥ? በመለያው ላይ በላቲን ፊደል «ሌን» ተብሎ የሚነበብ የፈረንሳይኛ ቃል ካለ ሱፍ ነው፤ «ኮቶን» ካለ ጥጥ ነው። መለያው ከጠፋ ከጠርዙ አንድ ክር በሻጩ ፈቃድ መዝዛችሁ ለኩሱ። የሱፍ ክር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ሲነኩትም ይፈረፈራል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል። ቀልጦ ጠንካራ እንክብል የሚሆነው ፖሊስተር ወይም ናይለን ነው። እንዲህ ያለውን ልብስ ለብሶ ምድጃ አጠገብ መቆም አደገኛ ነው፤ ሲቀልጥ ገላ ላይ ይጣበቃልና።

በጋቢ ለሚያፍሩት ልጆቻችንም መላ አለ። ያረጀ ጋቢ ወይም ቡልኮ ካላችሁ ታጥቦ፣ ደህና ደህናው ተቆርጦ ለካፖርቱ ገበር ይሁን። ከላይ ቡናማ ወይም ጥቁር ጨርቅ፣ ከውስጥ የእናት ጋቢ! የሚስቅ ጓደኛ አያየውም፤ ልጁ ግን ይሞቀዋል። ጥሩ ልብስ ሰፊ ባለበት ከተማ ይህ ከባድ ሥራ አይደለም። በጎንደርና በአካባቢው ሽመና የብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች መተዳደሪያ ነበር። የደሪጣ ነጋዴዎቻችንም ከጎጃም ባሶ በጎንደር አድርጎ እስከ ምጽዋ በሚሄደው መንገድ በ19ኛው መቶ ዘመን የታወቁ ነበሩ። የጨርቅ ዕውቀት ለእኛ እንግዳ አይደለም።

እግርንም አንርሳ። በኹፍ ላይ ማበስ ለነዋሪ አንድ ቀን ከነሌሊቱ፣ ለመንገደኛ ሦስት ቀን ከነሌሊታቸው የተፈቀደ እፎይታ ነው። በጦሃራ ላይ ሆኖ የለበሰው ሰው በፈጅር ብርድ እግሩን ከመታጠብ ይድናል። በወፍራም ካልሲ ላይ ስለማበስ መዝሀቦች ስለሚለያዩ የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ።

በመጨረሻም አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ። ብርድ ሲጠና በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ቤተሰብ ይጨርሳል። የከሰሉ መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ሌሊት የሚያሞቀን ፍም ሳይሆን ልብስ ይሁን፤ ሕፃናትን በተለይ ካልሲና ቆብ አልብሰን እናስተኛቸው።

ውድ አንባብያን፣ የዘንድሮውን የዒድ ልብስ ስትገዙ በቅድሚያ «ይሞቃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ውበቱን ከዚያ በኋላ ፈልጉት፣ ከአንድ ሣጥን ሁለቱም ይገኛሉ። ለጎረቤት ልጅ ሰደቃ ስትሰጡም የተቀደደውን ሳይሆን የሚያሞቀውን ስጡ። በመጪው ወር እስክንገናኝ ኢንሻአላህ ሰላም ቆዩ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።