«ፎርማት ይደረግ» እስከ መቼ?

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ፣ ከአየር ጤና እስከ ቤቴል፣ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የሞባይል ጥገና ሱቅ የሌለበት መንገድ ማግኘት ይከብዳል። በእነዚህ ሱቆች አልነበብ ላለ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። ውስጡ ያለው የመመረቂያ ጽሑፍም ይሁን የሰርግ ቪዲዮ፣ ይግባኝ የለም።

ባለሱቁ አይፈረድበትም። ሙያውን የተማረው ከሥራው ነው፣ ወረፋውም አያፈናፍነውም። ወቀሳው የሚገባው «ድራይቨር ምንድን ነው?» የሚለውን ትርጉም አስሸምድዶ፣ የአንድ ድራይቨር ኮድ ሳያስከፍት ለሚያስመርቅ ትምህርት ነው።

ኮዱ እኮ አልተደበቀም! ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው የሊኑክስ ከርነል ዛሬም ማንም በነጻ አውርዶ የሚያነበው፣ ከቻለም የሚያርመው ነው። የዩኤስቢ ማከማቻ ድራይቨሩም እዚያው ውስጥ አለ። አሠራሩ ለመረዳት የሚያስፈራ አይደለም። ፍላሽ ሲሰካ መጀመሪያ ማንነቱን ይናገራል፦ የአምራቹን ቁጥር፣ የዕቃውን ቁጥር፣ ከዚያም «ማከማቻ ነኝ» የሚለውን የምድብ ቁጥር 08። ድራይቨሩ ትእዛዙን በ31 ባይት ይልካል፤ ዕቃው የተጠየቀውን ፈጽሞ በ13 ባይት «ተሳክቷል» ወይም «አልተሳካም» ብሎ ይመልሳል። ንግግሩ ይኸው ነው።

ጣጣው የሚጀምረው ዕቃው ሲዋሽ ነው። የመጨረሻውን ሴክተር ቁጥር ሲጠየቅ ጠቅላላ ብዛቱን የሚናገር አለ፤ በአንድ ይሳሳታል፣ ከዚያ ከርነሉ የሌለውን ሴክተር እንዲያነብ ሲያዘው ደንዝዞ ይቀራል። ዩኤኤስ የተባለውን ፈጣን አሠራር «እችላለሁ» ብሎ ሥራ ሲበዛበት የሚዘጋም አለ። እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ ፎርማት ማድረግ ፋይሉን ያጠፋል እንጂ ጠባዩን አይለውጥም። በማግስቱ ያው ነው።

ሊኑክስ ለእነዚህ «ያልተለመዱ ዕቃዎች» ራሱን የቻለ ዝርዝር አለው። እያንዳንዱ ምዝገባ የአንድ ዕቃ ገመና ነው፦ ቁጥሩ፣ ጉድለቱ፣ ማለፊያ ዘዴው። ከበላዩ ብዙ ጊዜ ችግሩን ያመለከተው ሰው ስም ይጻፋል። ያ ሰው የግድ ሊቅ አይደለም፤ የማይሠራ ዕቃ ይዞ «ለምን?» ያለ ነው።

ከመርካቶ ተገዝቶ ወደ ኮልፌ የሚሄደው ስም የለሽ ፍላሽና የዲስክ ኬዝ፣ በጥገና ሱቅ መሳቢያ ተጥሎ የሚቀረው ሁሉ፣ ለድራይቨር ተማሪ ቤተ ሙከራ ነው። ዩኒቨርሲቲው ኮድ ማንበብ የሚችል ተማሪ አለው፣ ዕቃው የለውም። ሱቁ ዕቃው አለው፣ ኮድ አንባቢ የለውም። በመካከላቸው ያለው ርቀት የታክሲ ሒሳብ ነው።

እርግጥ ሁሉም በድራይቨር አይድንም። ቺፑ የሞተ ሞቷል። 16 ጊጋ ሆኖ «1 ቴራ» ተብሎ የተሸጠውንም ከርነሉ ቃሉን አምኖ ይቀበለዋል። እሱን የሚያጋልጥ ኤፍ3 የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ፍላሹን እስኪሞላ ጽፎበት መልሶ ያነባል። ስንቱ ሻጭ ደንበኛው ፊት ሊያስኬደው ይደፍራል?

«እዚህ አገር ሰው የሚጠቀመው ዊንዶውስ ነው» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። በየኪሱ ያለው አንድሮይድ ስልክ ግን የቆመው በዚሁ በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። «እንጀራ አይሆንም» የሚሉም አሉ። የዓለም የከርነል ሥራ አብዛኛው የሚሠራው በኩባንያ ደመወዝተኞች መሆኑን ግን አይናገሩም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ሰርተፍኬት ይሰጣል፣ መልካም ነው። ከርነል ውስጥ የገባች አምስት መስመር ኮድ ግን የትኛውም ቀጣሪ ራሱ ከፍቶ የሚያያት ማስረጃ ናት።

«ይህ የእኛ ሥራ አይደለም» የሚል ደግሞ ይህን ጽሑፍ የሚያነብበትን ፊደል ይመልከት። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የገባው በራሱ ጊዜ አይደለም። ከታችኛው ደርብ ወርደው ሰንጠረዥ ያዘጋጁና የተከራከሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ለመጀመር በጀትም ደብዳቤም አያስፈልግም። የኦፕሬቲንግ ሲስተም መምህር ከሚሰጣቸው አሳይንመንቶች አንዷን ይለውጥ፦ እያንዳንዱ ቡድን ባለቤቱ ትቶት ከሄደ ዕቃ አንዱን ከጥገና ሱቅ ይዞ ይምጣ። ሊኑክስ ላይ ሰክቶ ቁጥሩንና የከርነሉን መልእክት ይመዝግብ። ማለፊያ ዘዴዎቹን ከርነሉ ሲነሳ በሚሰጥ ትእዛዝ፣ ኮድ ሳይነካ፣ አንድ በአንድ ይሞክር። አንዱ ከሠራ ፓች አዘጋጅቶ ዝርዝሩን ለሚጠብቁት በኢሜይል ይላክ፣ ግርጌው ላይም ስሙን ይፈርም። «እዚህ ጋ አስተካክል» ተብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመለስለት ይሆናል፤ በነጻ የሚገኝ መምህር ማለት እሱ ነው።