ከራምፑ ባሻገር፦ ጩኸት የሚያስወጣቸው ልጆች

ባለፈው ሰኔ አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሕፃናት በሚማሩበት ክፍል ግማሽ ቀን ተቀምጬ ነበር። ዝናቡ ድንገት ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር አሥር ዓመት የማይሞላው አንድ ልጅ ጆሮዎቹን በእጆቹ ይዞ ጠረጴዛ ሥር ገባ። መምህርቷ አልተቆጡም። ነጠላቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው ጋረዱለት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ራሱ ወጣ። ክፍሉ ኮርኒስ የለውም።

ነገሩን የልጁ ጠባይ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን የሕንፃ ጉዳይ ነው እላለሁ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ስለ አካል ጉዳተኞች ሲደነግግ ያሰበው ዊልቸር የሚጠቀሙትንና ደረጃ መውጣት የሚያዳግታቸውን ነበር። መልካም ነው (ራምፑ ላይ መኪና የምናቆም መሆናችን እንዳለ ሆኖ)። እግሩ ጤነኛ ሆኖ ድምፅ፣ ብርሃንና ግርግር የሚያስወጣው ልጅ ግን አልታሰበም። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያፀደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ግን እሱንም ያካትታል።

በእርግጥ እነዚህ ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱን የሚያስጨንቀው ድምፅ ሌላውን ያስደስተዋል። በተለይ ኦቲዝም አብሮ ሲኖር ግን ጫጫታው ትምህርቱን ይውጠዋል።

የሀብታም አገር ቅንጦት ነው የሚሉኝ አሉ። ግብፃዊቷ አርክቴክት ማግዳ ሙስጠፋ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ የኦቲዝም ተማሪዎች መምህራንና ወላጆች ከሁሉ አስቀድመው ያነሱት የድምፅን ጉዳይ ነበር። ለእኛ ይህ ማለት የችፑድ ኮርኒስ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ ሲሚንቶው ላይ ምንጣፍ፣ እዝ የሚለውን ፍሎረሰንት መቀየር ነው። አርክቴክቷ ልጁ ሲጨነቅ የሚጠለልበት ጸጥ ያለ ጥግም ይመክራሉ። መምህርቷ በነጠላቸው የሠሩት ይህንኑ ነው። ጥጉ በር ሊኖረው አይገባም፤ በር ካለው ውሎ አድሮ መቅጫ ይሆናል።

ከሁሉ የሚረክሰው ደግሞ የክፍሉ ቦታ ነው። ያየሁት ክፍል ከሰንደቅ ዓላማው ፊት ለፊት ሲሆን የድምፅ ማጉያው በመስኮቱ ትይዩ ተሰቅሏል። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ጸጥ ያለ ክፍል አይቼ ልጆቹ ለምን እዚያ እንደማይማሩ ርዕሰ መምህሩን ጠየቅኋቸው። የተሰባበሩ ወንበሮች ተቀምጠውበታል አሉኝ።