ስለ በራሪዎች ጤና

ከእንጦጦ ግርጌ፣ በቁስቋም የሚኖር ሰው ሌሊት ባልጋው ላይ ሳለ የሚስበው አየር በአይሮፕላን ውስጥ ከሚሳበው ይልቅ የሳሳ መሆኑን ብዙዎች አያስተውሉም፤ አይሮፕላኑ 11,000 ሜትር ሽቅብ ቢወጣም የውስጡ አየር ከ2,438 ሜትር ከፍታ አየር ይልቅ እንዳይሳሳ ሕግ ይጠብቀዋል፣ ቁስቋም ግን ከዚያ ከፍታ በላይ ናትና። እንግዲህ ከዚህ ደጋ ወርዶ ቦሌ ላይ መሪ የሚጨብጠውን አብራሪ ይበልጥ የሚጎዳው የአየር መሳሳት ሳይሆን፣ ሌሊቱን በሥራ አንግቶ በሰው አገር ማደሩ፣ ይልቁንም ሕመሙንና ድካሙን ለመግለጥ መፍራቱ ይመስለኛል።

ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ይመጣ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን መውረድ በሚገባው ጊዜ ሳይወርድ በ37,000 ጫማ ከፍታ አለፈ፤ አብራሪዎቹን እንቅልፍ ጥሏቸው እንደ ነበረ፣ አይሮፕላኑን በራሱ የሚመራው መሣሪያ ሲለቅ የጮኸው ደወልም እንዳነቃቸው ተነገረ፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ሁሉም በደኅና ዐረፉ። ምርመራው እስኪፈጸም ከሥራ መታገዳቸው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ማናቸውም ምርመራ ሰውዬው ባለፉት ሌሊቶች ስንት ሰዓት እንደ ተኛ፣ «ደክሞኛል» ቢልስ ምን ይደርስበት እንደ ነበረ ካልጠየቀ ፈውስ አያመጣም። ኅዳር 6 ቀን እመቤታችን ከልጅዋ ጋራ ከስደት ድካም ያረፈችበትን በዓል የምናከብር ሕዝብ ድካምን እንደ ነውር ልንቈጥር አይገባንም።

ዓለም አቀፉ ሕግ የመንገደኛ አይሮፕላን አብራሪ በየ12 ወሩ፣ ዕድሜው 60 ሲሞላም በየ6 ወሩ በሐኪም እንዲመረመር ያዝዛል። ሆኖም መርማሪው ሐኪም ፈቃድ የሚያስነጥቅ ስለ ሆነ፣ የልጆቹን እንጀራ የሚያስብ ሰው የልቡን አይነግረውም። መጋቢት 15 ቀን 2007 ዓ.ም. ሕመሙን ከአሠሪው የሰወረ ረዳት አብራሪ የጀርመንዊንግስን አይሮፕላን በፈረንሳይ ተራራ ላይ ሆን ብሎ ሲከሰክስ 150 ነፍስ ጠፋ፤ ከሥራ እንዲያርፍ ሐኪሞች የሰጡት ወረቀትም ተቀድዶ በቤቱ ተገኘ። ከዚህ በኋላ የአውሮፓ ሕግ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ እያንዳንዱ አየር መንገድ አብራሪዎች ችግራቸውን በምሥጢር የሚያዋዩበት ድጋፍ እንዲያቋቁም አስገደደ።

አየር መንገዳችንና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንም፣ ፈቃድ ከሚሰጠው መርማሪ የተለየ፣ እንደ ንስሐ አባት ምሥጢር የሚጠብቅ፣ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ብቻ የሚናገር ሐኪም ሊያቆሙ፣ አብራሪው ታክሞ እስኪመለስም ደመወዙ እንዳይቋረጥ በጽሑፍ ሊያረጋግጡ ይገባል። ይህ ለበረራ አስተናጋጆችም ይሁን፤ እሳት በተነሣ ጊዜ በሩን ከፍተው መንገደኛውን የሚያወጡት እነርሱ ናቸውና።